ያለውና ያደረገው

መምህር ኤርጫፎ በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ከገዛ ጥቁር ሰሌዳቸው ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ወንበሩ አጠገባቸው ተገልብጧል፤ የሻይ ቤቱ የደረጃ ድንጋይ ከማጅራታቸው በፈሰሰ ደም ጠቁሯል፤ ቀኝ እጃቸው አንድ ጠመኔ ጨብጧል። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ጥር 23 ቀን 1990 ዓ.ም. ነበር፤ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የሚወጡት የሙዝ ጋሪዎች ሲቀላ ገበያ መድረስ የጀመሩበት ማለዳ።

የፖሊስ አዛዡ ሬሳውን አንዴ፣ ሰዓቱን ሁለቴ አየ።

«ሽማግሌ ነው። ሊጽፍ ወንበር ላይ ወጣ፣ ወደቀ፣ አለቀ። ልክነሽ፣ እስከ ስድስት ሰዓት መዝገቡን ዝጊው። በስድስት ሰዓት ክቡር ተወካዩ እዚሁ ሕዝብ ያነጋግራሉ።»

«ሽማግሌ ነው» አላት! ገረሴ ላይ ኢንስፔክተር ልክነሽን ፊደል ያስቆጠሯትን ሰው! ደሟ ፈላ። «እሺ ጌታዬ» ብላ ሸኘችው። ይህቺን ሴት እሺ ስትል የሚያምናት ሰው በደንብ አያውቃትም ማለት ነው።

የሰሌዳውን ነገር ሲቀላ ውስጥ የማያውቅ የለም። መምህር ኤርጫፎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ሕዝቡ ወደ ፓርላማ የላከው አቶ ተክለወልድ እጁን መቼ እንደሚያወጣ ይመዘግቡ ነበር። ለእያንዳንዱ አዋጅ አንድ መስመር፣ በመስመሩ ላይ ሁለት አምድ፤ ግራው «ያለው»፣ ቀኙ «ያደረገው»። ግራው የሚሞላው ተወካዩ ለመራጮቹ ከሚበትነው ወረቀት ነው። ቀኙ ግን አዲስ አበባ ያለ የድሮ ተማሪያቸው የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ገልብጦ እስኪልክላቸው፣ ወርም ይፍጅ ሁለት ወር፣ ባዶውን ይቆያል። ሰባት መስመር ላይ በግራ «ተቃወመ»፣ በቀኝ «ደገፈ» ይላል። ሰባት ጊዜ ሙሉ እዚህ ሌላ፣ እዚያ ሌላ! ማንበብ ለማይችለው መምህሩ ራሳቸው በጋሞኛ ያነቡለት ነበር።

ለዛሬ ደግሞ የኩልፎ አትክልተኞች አንድ ወረቀት አዘጋጅተዋል፤ «አመኔታ ስላጣንበት ከምክር ቤት ይውረድልን» የሚል። ምክንያቱ የወንዝ ዳር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ካለፈ የሙዝ ማሳቸው ለባለሀብት ሊሰጥ ይችላል፤ ተወካዩም እንደ ልማዱ እየተቃወምኩ ነው ብሎ እንደሚደግፍ ማንም አልተጠራጠረም።

ሰሌዳው ግርጌ ላይ ግን አዲስ መስመር ተጽፏል። «ጥር 19፤ የወንዝ ዳር መሬት አዋጅ፤ ያለው፦ ተቃወመ፤ ያደረገው፦ ተቃወመ።»

«ቲቸር ከጻፉትማ እውነት ነዋ!» አለ አንድ አትክልተኛ ከኋላዋ። «እንግዲህ ምን ብለን እንፈርማለን?»

ልክነሽ ቁጢጥ አለች። የአዲሱን መስመር ከፍታ በእጇ ለካች፤ ከጉልበቷ ብዙም አይበልጥም። እዚህ ለመጻፍ መቀመጥ እንጂ ወንበር ላይ መውጣት ምን ያደርጋል? ቀጥላ የኮታቸውን የደረት ኪስ ዳሰሰች። ጣት የምታህል ቀርከሃ ወጣች። ጠመኔ ጣታቸውን እየሰነጠቀ ስለሚያደማቸው፣ መምህሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህች ቀርከሃ ሳይሰኩት ጠመኔ ነክተው አያውቁም። አሁን ቀርከሃው ኪስ ውስጥ፣ ጠመኔው ባዶ እጅ ላይ ነው።

«አስጨብጠዋቸዋል» አለች። ከሌላው ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አገኘች፤ የመጨረሻውን ገጽ ሁለቴ አንብባ ያዘችው።

የሻይ ቤቱ ባለቤት የሺመቤት ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከፊቷ የተቀመጠው የፍራፍሬ ነጋዴ ጋሻዬ ሻዩ ቀዝቅዞበታል።

«እትዬ የሺ፣ መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ትናንት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ዘግቼ ስሄድ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ደህና እደሪ አሉኝ።»

«ይህ አዲስ መስመር ነበር?»

«ኧረ ግርጌው ባዶ ነበር!»

«ሰሌዳውን ከግድግዳዬ ያንሱልኝ ብለው ተጣልተዋቸዋል ይባላል።»

«ተጣልቻለሁ! በዚያ ሰሌዳ የተነሣ አንድ ባለሥልጣን ሻይ ቤቴን ረግጦት አያውቅም። ሰሌዳው ይነሣ አልኩ እንጂ ሰውየው ይሙቱ አልኩ እንዴ? ማርያምን፣ ልክነሽ!»

ልክነሽ ወደ ጋሻዬ ዞረች። «አቶ ጋሻዬ፣ እርስዎስ?»

«እኔ አልደብቅሽም፤ አዋጁ እንዲያልፍ እፈልጋለሁ፤ መሬቱንም እፈልገዋለሁ። ማክሰኞ ማታ እዚሁ ሬዲዮ ስሰማ፣ ድምፅ መስጠቱ ወደ ሐሙስ ተላለፈ ሲሉ ጠረጴዛውን በቡጢ ነው የነረትኩት።»

«ብርጭቆ ሰብሮብኛል» አለች የሺመቤት እንባዋን እየጠረገች። «ጋሽ ኤርጫፎ እዚያ ጥግ ሆነው ከት ብለው ሳቁበት።»

«ትናንት ማታስ?»

«ከአሥራ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ሙዝ ሳስጭን ነበር። አሥር ጫኝ ጠይቂ።»

ልክነሽ ጫኞቹን ጠየቀች፤ እውነቱን ነበር። ከዚያ በሚኒባስ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ወጣች።

የተወካዩ ቢሮ የማባዣ ማሽን ቀለም ይሸታል። የቢሮው ኃላፊ ይፍሩ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«አንጀቴን ነው የበሉት፣ ኢንስፔክተር። ከወንበር ወድቀው ነው አሉ። ምስኪን! ያም ሆኖ እውነቱን ጽፈው ነው የሞቱት።»

«ሰሌዳውን አይተውታል?»

«ጠዋት ሲወራ ሰማሁ እንጂ የት አይቼው! ከሰኞ ጀምሮ ገረሴ ነበርኩ፤ ለክቡርነታቸው የድጋፍ ፊርማ ሳሰባስብ። ከደጅ ደጅ ስዞር ሬዲዮ እንኳ አልሰማሁም። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ተመልሼ፣ በሁለት ሰዓት ክቡርነታቸውን ከአውቶቡስ ልቀበል ከመውጣቴ በቀር እዚሁ ይህን ሳባዛ ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ «የተወካያችሁ መልእክት» የሚል ወረቀት ተከምሯል። ልክነሽ አንዱን አነሣች። «ጥር 19 ቀን በዋለው ስብሰባ፣ የወንዝ ዳር መሬት አዋጅን ለሕዝቤ ስል በጽኑ ተቃውሜአለሁ» ይላል።

«የሚጽፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ የማረቅቀው። ክቡርነታቸው ሥራ ይበዛባቸዋል።»

«ከዚህ ውስጥ ለሰው የደረሰ አለ?»

«አንድም! ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በስድስት ሰዓት እናድላለን።»

«አንዱን ልውሰድ?»

«በደስታ!» አለ ይፍሩ። እውነትም ደስ ብሎት ነበር።

ተክለወልድ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ፊቱ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው አብጧል። ልክነሽ አልተቀመጠችም።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ትናንት ማታ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ይፍሩ ምን አለዎት?»

ሰውየው አስቦ ነገራት። ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ፤ የተናገረው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ከአፉ ከወጣ በኋላ ገባው።

ስድስት ሰዓት ላይ ገበያው ወደ ሰሌዳው ዞረ። አትክልተኞቹ፣ የሺመቤት፣ ጋሻዬ፣ ወረቀቱን የታቀፈው ይፍሩ፣ ተወካዩና አዛዡ ሁሉም አሉ። ተክለወልድ አፉን ከመክፈቱ በፊት ልክነሽ ደረጃው ላይ ወጣች።

«መዝገቡን ልዘጋ ነው፣ ጌታዬ» አለችው አዛዡን። «መምህር ኤርጫፎ ከወንበር አልወደቁም። መስመሩ ከጉልበት ብዙ አይበልጥም፤ ወንበር ምን ይሠራል? ጠመኔውም በባዶ እጃቸው ነበር፤ ቀርከሃዋ ግን ኪሳቸው ውስጥ። ተማሪያቸው የነበረ ሁሉ ይህን ያውቃል።»

«እውነት ነው!» አለ ከሕዝቡ መሃል አንድ ድምፅ።

«ስለዚህ መስመሩን የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ጥር 19 ብሎ ነው የጻፈው። የመምህሩ ደብተር ግን፣ ስሙኝ፣ ‹ጥር 19 ድምፅ አልተሰጠም፤ በሬዲዮ እንደተነገረው ወደ ጥር 21 ተላልፏል፤ ቃለ ጉባኤው እስኪመጣ እጠብቃለሁ› ይላል። እትዬ የሺ ሬዲዮውን ሰምተዋል። አቶ ጋሻዬ ሰምተው ብርጭቆ ሰብረዋል። ክቡር ተወካዩ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ቀኑ 21 መሆኑን ያውቃሉ። 19 ብሎ የሚያምን ሰው፣ በዚያ ሳምንት ሬዲዮ ያልሰማ፣ ወሬውን ደግሞ ድምፅ ሳይሰጥ አስቀድሞ የጻፈ ሰው ነው።»

ከኪሷ የተወካዩን መልእክት አውጥታ ከፍ አደረገችው። «ይኸው ጥር 19! የቢሮው ቁልፍ አንድ ሰው ጋ ነው፤ አንድም ወረቀት አልወጣም ብሎኛል።»

ይፍሩ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ይህ እኮ የቀን ስህተት ነው፤ እኔ ሰሌዳውን አላየሁትም...»

«አላየሁትም ይላል። ክቡር ተወካይ፣ ትናንት ማታ ምን ነበር ያለዎት?»

ተክለወልድ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «‹ነገ እንዳይሰጉ፤ ሽማግሌው ቀኙን አምድ ሞልተውታል፣ ስምዎ ነጽቷል› አለኝ።»

«በሁለት ሰዓት!» አለች ልክነሽ። «አሥራ አንድ ተኩል ላይ ግርጌው ባዶ ነበር። እስከ ዛሬ ማለዳ ደግሞ ሬሳውን ያየ የለም። መስመሩን ያየ፣ እሳቸውንም አይቷል።»

የታቀፈው ወረቀት ከይፍሩ እጅ ተበተነ።

«ለመንኩት!» ብሎ ጮኸ። «በእግዚአብሔር ይጻፉ አልኩት። ቃለ ጉባኤ ሳላይ አልጽፍም አለኝ! ገፋ ባደርገው... እንደዚያ ይሆናል ብዬ አይደለም። ምን ላድርግ? ክቡርነታቸው እንደሚደግፉ አውቃለሁ! ሁልጊዜ ይደግፋሉ! ሰባት ጊዜ የሸፈንኩላቸው እኔ ነኝ!»

ተክለወልድ ከደረት ኪሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣ።

«ሐሙስ ዕለት ተቃወምኩ» አለ። «ሦስት ነበርን። ስማችን በቃለ ጉባኤው ይስፈር ብለን ጠየቅን፤ ይኸው። አዋጁ አለፈ፣ እኔ ግን... ያ ሰሌዳ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። ዛሬ ለመምህሩ በእጄ ልሰጣቸው ነበር የመጣሁት።»

ይፍሩ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የገደለው ለውሸት ሲል ነበር፤ ውሸቱ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት እውነት ሆኖ አድሯል።

ልክነሽ ንዴቷ ያኔ ነው ገንፍሎ የወጣው። «ሰባት ጊዜ ሲዋሽልዎ ዝም አሉ! ስምንተኛው ላይ እውነት ሊሠሩ እንደሚችሉ በምን ይወቅ? የገፋው እጅ የሱ ነው፤ በሕግ እሱን እይዛለሁ። እርስዎን የምይዝበት ሕግ ባገኝ ኖሮ ለሁለታችሁም ካቴና አመጣ ነበር።»

አዛዡ ሊቆጣት አፉን ከፈተ፤ ሕዝቡን አየና መልሶ ገጠመው።

ልክነሽ ጠመኔ ቀርከሃው ላይ ሰካች። የውሸቱን መስመር ማስረጃ ነውና አልነካችውም። ከሥሩ ቁጢጥ ብላ ጻፈች። «ጥር 21፤ የወንዝ ዳር መሬት አዋጅ» ብላ፣ ግራውን ባዶ ተወችው፤ በቀኙ «ተቃወመ» አለች። ቀጥላ፦ «ጥር 22፤ ይፍሩ፤ ያለው፦ ከወንበር ወደቁ፤ ያደረገው፦ ገፋቸው።»

አንድ አዛውንት አትክልተኛ ዱላቸውን ተደግፈው ቀረቡ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅም። ቲቸር ነበር የሚነግረኝ። ከላይ ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በጋሞኛ አነበበችላቸው፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን፣ ሰባቱንም አንድ በአንድ። የውሸቱን ዘላ የጥር 21ዱ ላይ ስትደርስ ተክለወልድ ቀና ብሎ አዛውንቱን አያቸው። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ጊዜ እውነት ሠራ። ጥሩ ነው፣ ተጽፎለታል» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «ይውረድልን» የሚለውን የፊርማ ወረቀት ጠየቁ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው፣ ከሁሉ በፊት እሳቸው አተሙበት።