ባለ ስምንት እጥፋቱ ቀለሃ

አንሴል ቪክ ሰኞ ጠዋት ሐይቁ ዳር ዳክዬ በሚያድንበት የሸምበቆ መደበቂያው ውስጥ ሞቶ ተንጋሎ ተገኘ። ጠመንጃው እጁ ላይ ፈንድቷል። ዳክዬዎቹ ተመልሰው ውሃው ላይ አርፈዋል።

ሸሪፍ ሬኒንግ አጠገቡ ተንበረከከ። ከሟቹ ጎን በንጹህ ጨርቅ የተቋጠረ ዳቦና አይብ አየ። ሬኒንግ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን የሚበላ ሰው ነውና፣ ብቸኛ ሰው ለራሱ እንዲህ አሳምሮ እንደማይቋጥር ያውቃል። ከዚያ የተቃጠለውን የወረቀት ቀለሃ ከጠመንጃው ፈልቅቆ አወጣና የቀለሃውን አፍ ትኩር ብሎ አየው።

«ስንቴ ነገርኩት!» አለ የሟቹ ጎረቤት ጌርሃርድ። «ያገለገለ ቀለሃ እየለቀምክ ባሩድ አትሙላ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል ብዬው ነበር። ባሩዱን አበዛበት፣ በቃ።»

«አንተስ አትሞላም?» አለ ሸሪፉ።

«ድሮ ነው እሱ። ቤቱንም ከረገጥኩ ቆየሁ።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ዱዌን ዓይኑን እየጠረገ፣ «እኔ ከሱቅ ነው የምገዛው። አጎቴ ‹ሰነፍ!› እያለ ይስቅብኝ ነበር» አለ። «የዛሬዎቹን ቅዳሜ ማታ ሲሞላ አብሬው ነበርኩ።»

ከጌርሃርድ ጋር የምትኖረው እህቱ ሶልቬግ ግን ሸሪፉ ስለ ዳቦው ሲጠይቃት ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች።

«እኔ ነኝ የቋጠርኩለት። ልንጋባ ነበር። ከወንድሜ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ከሰዓት በኋላ ሬኒንግ ሦስቱንም በአንሴል ማድ ቤት ሰበሰባቸው። የተረፉትን ጥይቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

«ባሩዳቸውን አንድ በአንድ መዘንኩት፤ ሁሉም እኩል ነው። አንሴል እጁ ቢንቀጠቀጥም ሚዛኑ አይንቀጠቀጥም። ደግሞ እዩ፣ ቀለሃው አፍ ላይ ክብ ካርቶን ይከድንበትና ጠርዙን ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል እንጂ አያጥፈውም።» የተቃጠለውን ቀለሃ አነሳ። «ይሄኛው ግን ታጥፏል፤ ምልክቱ ከተተኮሰም በኋላ አልጠፋም። የሱቁ ጥይት እጥፋቱ ስድስት ነው። ይሄ ስምንት ነው።»

ዱዌን ቀና አለ። ጌርሃርድ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ።

«ስምንት አድርጎ የሚያጥፍ መሣሪያ በዚህ አካባቢ አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት። ጌርሃርድ፣ ያንተ ጎተራ ውስጥ፤ ዘይቱ እንኳ አልደረቀም። እሑድ አንሴልም ዱዌንም ሶልቬግም ከፊቴ ተቀምጠው ሲዘምሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ያልመጣኸው አንተ ነህ። ይህ ቤት ደግሞ በሩ ተቆልፎ አያውቅም፤ ገብተህ ባሩድ ያበዛህበትን ይህን ጥይት ከሱ ጥይቶች ጋር ቀላቀልከው። አንሴል በጎህ ጨለማ በዳሰሳ ጥይት እንደሚያጎርስ ከማንም በላይ ታውቃለህ፤ አርባ ክረምት አብራችሁ አድናችኋል።»

ጌርሃርድ ሰው በሌለበት ክፍል እንዳለ ሁሉ ለራሱ አወራ።

«ክረምቱን እናንተ አታውቁትም። በረዶው በሩን ሲዘጋው... ድስት የሚያንኳኳ ሰው እንኳ ከሌለ፣ ያ ቤት ምንድነው? እህቴን ሊወስድብኝ ነበር።»

ሬኒንግ እንዲያ ያለውን ቤት ያውቀዋል፤ የራሱም ቤት እንደዚያው ነው። ቢሆንም ካቴናውን አወጣ።

ሶልቬግ ተነሥታ የደረጃውን በር ከፈተችው። ከላይ የአዲስ ቀለም ሽታ መጣ።

«ውጣና እየው» አለች፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። «‹ወንድምሽን ጥለሽ አትምጪ› ብሎ አንሴል አብረኸን እንድትኖርበት የቀባልህ ክፍል ነው።»