«እኔ ነኝ ያጠፋሁት»

ይሄይስ ከቴፒ ወጣ ብሎ፣ ቡናው መሃል ባለው አሮጌ የቡና መፈልፈያ ቤት ውስጥ፣ ከሞተሩ ትልቅ የብረት መዘውር ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሰርካዲስ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ሆዷ ደንዝዟል፤ ሬሳም ሠርግም አንድ ሆኖባታል።

ይሄይስን የማያውቅ የለም። በሥራ ቀን ባንክ ቤት ይውላል፤ ከዚያ ውጪ ዘፋኝ መድረክ ሲወጣ፣ ወይም የድሮ ሞተር የሆነ ጥግ ዝጎ ሲገኝ ካሜራውን ይዞ እዚያ ነው። ይህንንም ሞተር፣ መሥራት ካቆመ ዓመታት ቢያልፉትም፣ ፎቶ ሲያነሳው ነበር የኖረው። አሁን ካሜራው የለም።

መጀመሪያ ያገኙት ዘበኛው ጋሽ ባየ ናቸው። የሸኮ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አማርኛ ቆጥበው ነው የሚናገሩት። ፖሊሶቹ ሲደርሱ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብቻ አሉ። በቃ! ሕይወት ማጥፋታቸውን አመኑ ተብሎ ታሰሩ፤ በማግስቱ ወደ ሚዛን ከተማ እስር ቤት ሊወሰዱ ሆነ። እዚያ ከገቡ ደግሞ ማን ያስወጣቸዋል? የሚጮኽላቸው ዘመድ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሰርካዲስ ይሄይስ በቅርቡ መድረክ ላይ ያነሳትን ዘፋኝ ፋናን ጠራቻት። ድምፅዋ ሻካራ ነው።

«ጉንፋን ነው?»

«ጉንፋን ቢሆን በወደድኩ! ድምፄ ከተዘጋ ሰነበተ፤ መድረክ ላይ የሚዘፍነው ቴፕ ነው። ሸዋ ቤንች ከተማ ይሄይስ ያነሳኝ ፎቶ ላይ የማይኩ ገመድ ተነቅሎ እግሬ ሥር ወድቆ ይታያል።»

«አስፈራራሽ?»

«ኧረ በስመ አብ! ‹አላወጣውም፣ አይዞሽ› ነው ያለኝ።»

«ማናጀርሽስ ያውቃል?»

«ፎቶ መኖሩን ያውቃል። አይዞሽ ማለቱን አልነገርኩትም።»

ማናጀሯ ይርዳው ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ነው።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ሚዛን ነበርኩ። እዚያ ቤት እግሬ ረግጦ አያውቅም። ምስኪን! ቢጮኽስ ማን ይሰማዋል፣ በዚያ ሞተር ድምፅ ላይ!»

ሰርካዲስ አመስግና ሸኘችው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች።

«ጋሽ ባየ፣ ምኑን ነው ያጠፉት?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። እስካሁን ይህን የጠየቃቸው የለም።

«ሞተሩን።»

«የሞተ አይደለም እንዴ?»

«ትናንት ከይሄይስ ጋር አስነሳነው። ‹እየዞረ ፎቶ ላንሳው፣ ለማንም እንዳትነግር› አለኝ። ውሃ ላመጣ ወረድኩ። ስመለስ ሞተሩ ይጮኻል፤ እሱ ወድቋል።»

ከምሳ በኋላ ሁሉንም መፈልፈያው ቤት ሰበሰበቻቸው። ደጅ ጋሽ ባየን ወደ ሚዛን የሚወስደው መኪና ሞተሩ እንደተነሳ ቆሟል።

«ፖሊስ ሲደርስ ሞተሩ ጠፍቷል» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ንዴት እንኳ የለም። «ከተማው የሚያውቀው የሞተ ሞተር ነው። ትናንት መነሳቱን የሚያውቀው እዚህ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ይሄይስ ሞቷል። ጋሽ ባየ ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገሩም። አንተ ግን ይርዳው፣ ‹በዚያ ሞተር ድምፅ ላይ› አልከኝ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል።»

«ሰው... ሰው ነግሮኝ ነው!»

«ማን?»

ፖሊሱ ከይርዳው መኪና ወንበር ሥር ያወጣውን ካሜራ ይዞ ገባ።

«ፎቶውን አጥፋው አልኩት» አለ ይርዳው ወለሉን እያየ። «‹የዘፋኝ ፎቶ አንስቼ አላጠፋም› አለኝ። ገፋሁት፤ መዘውሩ መታው።»

«አላወጣውም ብሎኝ ነበር እኮ!» ፋና ጮኸች፤ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው። «ምናለ ብትጠይቀኝ ኖሮ?»

የጋሽ ባየ እጅ ተፈታ። ሰርካዲስ አንድ ነገር ብቻ አልገባትም።

«ሰው ወድቆ እያዩ ለምን መጀመሪያ ወደ ሞተሩ ሮጡ?»

«ትንፋሹን ልስማ ብዬ ነዋ፣ ልጄ። ሞተሩ አላሰማ አለኝ።»

«ሰሙ?»

ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።

ሰርካዲስ ባሏ ደረት ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ያዳመጠችበት ሌሊት ትዝ አላት። ብድግ ብላ ወጣች።

«አጥፋው» አለችው የመኪናውን ሹፌር።

ሞተሩ ዝም ሲል የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለችና ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።