መጀመሪያ የምትወድቀው

አሰልጣኙ በመኝታ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሲገኝ፣ ከአንገቱ የማይለየው የበር ቁልፍ አልነበረም። ጭንቅላቱ የብረት መደርደሪያውን ማዕዘን መትቷል፤ ቁልፉ ይንጠለጠልበት የነበረው ክር ተበጥሶ ጎኑ ወድቋል።

ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ፍርግርግ፣ በሩ አንድ። አሰልጣኙ ሁለት ተጫዋቾቹንና የቤቱን ሥራ የምትሠራለትን የእህቱን ልጅ ለጌም ውድድር ብሎ ቆልፎባቸው፣ ስልካቸውንም ነጥቋቸው ነበር። የሚጫወቱት አውሬ እየያዙ፣ እያሳደጉ፣ ስድስት መርጠው የሚያጋጥሙበትን ጌም ነው። የትኞቹ ስድስት እንደተመረጡ ከቤት እንዳይወጣ፣ ሰዎቹም አብረው ታሰሩ። ልጅቷ በፍርግርጉ ጮኻ ጮኻ ነው አከራይዋ በትርፍ ቁልፍ የከፈቱት።

መርማሪዋ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ከመጠየቋ በፊት መቀመጫ የምትፈልግ ሴት ናት። ሳሎኑ ውስጥ ተመቻችታ ተቀመጠችና ልጅቷን አስቀድማ ጠራች።

«ከምሳ በኋላ የት ነበርሽ?»

«መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ልብስ እያጠብኩ ነበር። ከዚያ እዚህ ድንች እየላጥኩ ነበር። ይሄ ቴሌቪዥን የአጎቴን ጨዋታ ሁሌ ያሳያል፤ ከሌላ ቡድን ጋር ቀጠሮ ነበረው፣ ሲጫወት አየሁት። ሲጨርስ ሻይ ይዤለት ገባሁ… ሞቷል።»

«በመካከል ማን ገባ?»

«ማንም። የሱ ክፍልም የውጭው በርም ፊት ለፊቴ ናቸው።»

ብላ ስትጨርስ ከሷ ሌላ የገባ የለም ማለቷ እንደሆነ ገባት። ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ።

«ብዋሽ ይሻለኝ ነበር አይደል?» አለች እንባዋ እየወረደ።

«ብትዋሺማ አላምንሽም ነበር» አለች መርማሪዋ። ለፖሊሱም «አንተ፣ ትንሽ ታገሥ» አለችው።

ቀጥሎ የመጣው ተጫዋች ፌንጣ ይባላል፤ ተቀምጦም እግሩ አያርፍም።

«ክፍሌ ሆኜ እለማመድ ነበር። ጋሼ ተሸነፈ ሲሉኝ አላመንኩም። እሱ ይሸነፋል?»

«እንዴት ነበር የሚያሸንፈው?»

«‹ጠንካራ ቡድን ማለት ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ የተወሰነለት ቡድን ነው› ይለን ነበር። አንዲት ቀንድ አውጣ አለች፤ ስሟን ማገዶ ብሎታል። ሁሌ እሷን ያስቀድማል። ስትወድቅ መርዟን ትረጫለች፤ አምስቱ ጉልበተኞች የደከመውን ይጨርሳሉ። ሰውም ላይ እንዲሁ ነበር። አፈሩ ይክበደው እንዳልል ሞቷል።»

ሁለተኛው ተጫዋች ጭምቱ ነው፤ ቃል ከአፉ በመንጠቆ የሚወጣ ልጅ።

«የት ነበርክ?»

«ተኝቼ።»

«ከቡድኑ ውስጥ ጠንካራዋ ማን ናት?»

«ሚጢጢ።»

«ማናት ሚጢጢ?»

«ቀንድ አውጣዋ» አለና ዓይኑን ወደ ካልሲው ጣለ።

መርማሪዋ የዕለቱን ጨዋታ ቅጂ ልጅቷን አስከፍታ አየች። ቀንድ አውጣዋ ተመታች፣ ደግማ ተመታች፤ ልትወድቅ ስትል ተጫዋቹ ወደ ኋላ መለሳትና በቦታዋ ከአምስቱ ንስሩን አስገባ። ከዚያ ሁሉም ነገር ፈረሰ።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ለልጅቷ ጆይስቲኩን ሰጠቻት።

«ልጄ፣ አጎትሽ እንደሚጫወተው ተጫወቺ። እኔ አወራለሁ።»

ማገዶ ቴሌቪዥኑ ላይ ወጣች።

«አሰልጣኙ ጨዋታው እስኪያልቅ በሕይወት ነበር ብላችኋል። እጁን ግን ማንም አላየም፤ የታየው ስሙ ነው። በስሙ ከሌላ ክፍል መጫወት አይቻልም፣ ፌንጣ?»

«ይቻላል። የይለፍ ቃሉን ሁላችንም እናውቃለን።»

«እንግዲያው የሞተው ቀደም ብሎ ነው፤ ይቺ ልጅ ልብስ ስታጥብ፣ ሳሎኑም ባዶ ሳለ። ቀጠሮው ደረሰ። ቀጠሮ አክባሪ ሰው ሲቀር ይፈለጋል፤ ስለዚህ ገዳዩ ተጫወተለት። ቁልፉን የወሰደው ሊወጣ ነበር። ሲጨርስ ግን ልጅቷ በሩ ፊት ተቀምጣለች።»

«ከሁለቱ የትኛው?» አለ ፖሊሱ።

ቀንድ አውጣዋ ተመታች።

«ሟቹ ማገዶን አድኗት አያውቅም። የዛሬው ተጫዋች ግን እሷን ለማዳን ጨዋታውን ሸጠ። ማገዶ ያላት አሰልጣኙ ነው። ያሳደጋት ሰው ግን ሌላ ስም አውጥቶላታል።»

ደግማ ተመታች። ልጅቷ ቀና አለች። «ልቀጥል?»

«ቀጥይ።»

«መልሻት» አለ ጭምቱ በቀስታ። ከዚያ ብድግ አለ። «እባክሽ መልሻት!»

ፌንጣ እግሩን ማወዛወዝ አቆመ። ጭምቱ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከካልሲው ውስጥ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እናቴ ታማብኛለች፣ ልውጣ አልኩት። ‹ውጣ፤ ቀንድ አውጣዋ ግን የቡድኑ ናት› አለኝ። ሚጢጢን ያሳደግኳት እናቴ አልጋ ሥር ተቀምጬ ነው። ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም። ወደ ራሴ አዛውሬ ይዣት ልሄድ በስሙ ገባሁ፣ ቀጠሮው ያዘኝ።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «እኔንም እንደሷ ሁሌ ያስቀድመኝ ነበር፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔን በካቴና ሊያስሩኝ ሲሉስ ማንን አስቀደምክ?»

ጭምቱ እንባ መጣበት።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ ጭምቱ ሄደ። ልጅቷ ጆይስቲኩን አንስታ ቀንድ አውጣዋን ወደ ኋላ መለሰቻት። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቁልፉን ሳትነካ፣ በተከፈተው በር ወጥታ ደረጃውን ወረደች።