ሳይከፈት የተዘረፈው ሣጥን

የሦስት ወር ድካም ጥላሸት መስሎ ቀረ።

ቺዙ ኢሶዳ ዓይኗን ከኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ላይ ማንሳት አቃታት። ሴሎቿን ደካማ ጨረር ያለበት ስኳር አብልታ፣ ሙጫ ውስጥ አድርቃ፣ ላዩን የፎቶ ቅባት ቀብታ፣ ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ሣጥን ዘግታ ፍሪጅ ውስጥ አክርማቸዋለች። ጨረሩ ባለበት ቦታ የብር ቅንጣት ይወጣል። አሁን ግን ሴል በሌለበት ባዶ ሙጫ ላይ ሳይቀር ቅንጣት ፈልቷል!

«ሣጥኑን ብርሃን ላይ ከፍታዋለቻ» አለ ዶክተር ሂሩማ፣ የላቦራቶሪው አንጋፋ።

ፕሮፌሰር ኩዋባራ አላመነቱም። «ኢሶዳ፣ እስከ ማታ ምክንያቱን ካላመጣሽ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ወይ ጣጣ! ውጭ የጃፓኗ የኒጋታ ከተማ በረዶ ይወርዳል፤ እሷን ላብ አጠመቃት። ከዚህ ከተባረረች ማን ይቀበላታል? መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ምናልባት የጨለማ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ይሆን?

ናሙናዎቹን በሣጥኑ ውስጥ በነበሩበት ተራ ደርድራ ቅንጣት ቆጠረች። ከዚያ ሮጣ ሰዎቹን ጠራች።

«ብርሃን ቢሆን ሁሉንም እኩል ያጠቁር ነበር። ይሄ ግን ከግራ ወደ ቀኝ እየሳሳ ይሄዳል። አጠገቡ የተቀመጠ ነገር ነው። የኔ ጨረር የሣጥኑን ግድግዳ እንኳ አያልፍም። ግድግዳ የሚያልፍ ጨረር ያለው ማን ነው?»

በላቦራቶሪው እንዲህ ያለ ኃይለኛ ጨረር ያለው የፎስፈረሱ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እሱም የሂሩማ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

«የኔ ጠርሙስ ጨረር ከሚያግደው የእርሳስ ብረት ማስቀመጫው ወጥቶ አያውቅም፣ እመቤቴ» አለና ሳቀ። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ!

«ለዓመት መጨረሻው ጽዳት እኛ ወለል ስንፈትግ፣ ‹ፍሪጁን ለኔ ተዉት› ያሉት ማን ነበሩ? አንጋፋው ጨርቅ ያዙ ብለን አጨበጨብንልዎ እኮ!» አለች ቺዙ።

ፕሮፌሰሩ ዞሩ። «ሂሩማ?»

ሳቁ ጠፋ። «ስኳሩ የሚያርፈው ከሴሉ አስኳል፣ ከኒውክለሱ አጠገብ ያሉት ከረጢቶች ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጉባኤው ሳቀብኝ። የሷ ናሙና ደግሞ ጨርሶ ውሸታም ሊያደርገኝ ነው ብዬ... ፈራሁ። ጠርሙሱን ከሣጥኑ ጎን አስቀመጥኩ፤ ከአዲስ ዓመቱ በዓል በኋላ አነሳሁት።»

ቺዙ ከቀኝ ጫፍ የነበረውን፣ እምብዛም ያልጠቆረውን ናሙና ማይክሮስኮፑ ውስጥ አስገባች። «ይምጡ፣ ይዩት።»

ሂሩማ ጎንበስ አለ። ባዶው ሙጫ ላይ ቅንጣቱ አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ከረጢቶቹ ላይ ግን፣ እሱ በጻፈበት ቦታ፣ ታጭቋል።

«ልክ ነበሩ» አለችው። «ማስረጃዎን ነው ያጠፉት። በአንድ ናሙና ደግሞ ማንም አያምንም።»

ሂሩማ እንዳጎነበሰ ቀረ።