ንጉሡ ሞታለች

«እስቲ ድገሚው» አለ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ።

አስካል ደገመችው። እጆቿን አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ በንግሥቲቱ ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ ተነስ» አለቻት ንግሥቲቱን። «ማነው… ምን ይሉታል… ንጉሡ ሞታለች።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ንግሥት ሆና የምትጫወተው ሽታዬ እንኳ ሆዷን ይዛ ወንበሩ ላይ ተጣጠፈች።

ጋሽ ወንድይፍራው ከአዲስ አበባ የመጣ የጥንታዊ ተውኔት ቡድን መሪ ነው። ቡድኑ ያለ ክፍያ ከአውራጃ አውራጃ እየዞረ የድሮ ዘመን ተውኔቶችን ለሕዝብ ያሳያል፤ በደረሰበትም ተማሪዎችን ያሠለጥናል። ወደ ጂንካ ይዞት የመጣው ተውኔት የወንድሙን ዘውድ ስለቀማ ንጉሥ የሚናገር ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሐዘን ነው። «ሰዉ ትንሽ የሚተነፍስበት ይፈልጋል» ብሎ የንጉሡን ሞት የምታረዳዋን ገረድ አስቂኝ ሊያደርጋት አሰበ። «እዚህ አገር ያለች ገረድ አማርኛ ስትናገር እንዴት ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ከሁሉም ቀድማ እጇን ያወጣችው አስካል ነበረች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሽታዬ ክንዷን ያዘቻት። «ከየት አመጣሽው ግን? አሪፍ ነው።»

«ዝም ብዬ ፈጥሬው ነው» አለች አስካል።

ከየት እንዳመጣችው ታውቃለች። ግን ሳቁ ጣፍጧት ስለነበር እንዳላወቀች ሆነች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። አስካል ለእናቷ ስለ ተውኔቱ አልነገረቻትም ነበር። የነገረቻት ጎረቤታቸው ተዋበች ናት፤ «ልጅሽ ቲያትር ልትሠራ አይደል፣ አትሄጂም እንዴ?» ብላ። ስለዚህ እናቷ አበዛሽ ያጠበችውን ነጠላ ለብሳ፣ ከፊት ካሉት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አስካል አላየቻትም።

ተራዋ ደርሶ ስትወጣ፣ ገና «ጌታዬ፣ ተነስ» ከማለቷ አዳራሹ አውካካ። ሳቁ አሞቃት። በልምምድ ያልነበረ ነገር ጨመረች፤ ቃሉ እንደጠፋት ሰው ደረቷን በመዳፏ መታ መታ እያደረገች፣ «ሞታለች… ማነው… ሞታለች» አለች። ከኋላ የነበሩት ቆመው አጨበጨቡ።

ያኔ ነው እናቷን ያየቻት።

አበዛሽ እንደ ሌላው ሰው ፈገግ ብላ ነበር። ልጇን ሰው ስለወደደላት የተደሰተች ትመስላለች። አንድ እጇ ደረቷ ላይ ነበር። ፈገግታው ከፊቷ ሳይወርድ ዓይኗ ብቻ ወደ እጇ ዝቅ አለ፤ ከዚያ እጇን ቀስ አድርጋ አንስታ ጭኗ ላይ አኖረችው፤ በነጠላዋም ሸፈነችው። ተነስታ አልሄደችም። እስከ መጨረሻው ተቀምጣ፣ ሰው ሲያጨበጭብ አብራ አጨበጨበች።

ብትሄድ ይሻል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤታቸው ቋንቋ አሪኛ ነው። አስካል ትምህርት ቤት እንደገባች ሰሞን እናቷን፣ «ትምህርት ቤት ስትመጪ በአሪኛ አታናግሪኝ፤ ልጆቹ ይስቁብኛል» ብላት ነበር። አበዛሽም እሺ አለች። ከገበያ የለቃቀመችውን አማርኛ፣ ወንዱን በሴት ሴቱን በወንድ እየጠራች፣ ለልጇ ስትል ትናገረው ጀመር። ከሁለት ዓመት በፊት የአስካል አባት ዶላሞ ለሥራ ወደ ቆላው ወደ ሃና ወርዶ ወባ ገደለው። መርዶው የደረሳት አበዛሽ ሮጣ ትምህርት ቤት መጣች። ልጆች በረንዳው ላይ ቆመዋል። ያን ቀን እንኳ የተባለችውን አልረሳችም። ደረቷን በመዳፏ እየመታች፣ «አስካል… ማነው… አባትህ ሞታለች» አለች።

ከኋላ አንዱ ልጅ ሳቀ። በአስካል ጆሮ ከወሬው በፊት የገባው ሳቁ ነበር።

ያን ዕለት ማታ አበዛሽ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበች። አስካል አንዱን አንስታ ላጠችው፤ አልበላችውም። «እማዬ፣ ቲያትሩ…» ብላ ጀመረች።

እናቷ በአሪኛ፣ «ጥሩ ነበር» አለች።

በማግሥቱ እናቷ እንደ ወትሮው «ደህና አደርክ?» አላለቻትም። ተዋበች ብቅ ብላ «እንዴት ነው፣ ልጅሽ አገር አሳቀች እኮ» ስትል፣ አበዛሽ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ከመንገደኛው ሁሉ ጋር ስታወራ የምትውል ሴት፣ አማርኛውን አንድ ቦታ አስቀምጣ የረሳችው መሰለች። አስካል ትምህርት ቤት ስትደርስ ልጆች በየመንገዱ «ንጉሡ ሞታለች» እያሉ ተቀበሏት። ሳቀችላቸው። ጉንጯ ግን እሳት ሆኖ ዋለ።

ቅዳሜ ተውኔቱ ከገበያው አጠገብ ባለው ሜዳ ይደገማል ተባለ፤ ከየገጠሩ የሚመጣው ገበያተኛ እንዲያየው። አስካል ጠዋት ጋሽ ወንድይፍራውን አልባሳት ሲያራግፍ አገኘችው።

«ጋሼ፣ እንደዚያ አልለውም።»

«እንዴት?»

«እያሳቅኩ።»

«ሰዉ እኮ የሚጠብቀው እሱን ነው። ፈራሽ እንዴ?»

አስካል መሬት መሬት አየች። «እናቴ ያለችው ነው። አባቴ የሞተ ቀን።»

ጋሽ ወንድይፍራው በእጁ የያዘውን ካባ አጥፎ አስቀመጠ። መልሶ ዘረጋው። «እኔ ነኝ እንደዚያ አድርጊው ያልኩሽ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ መድረክ ላይ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም። «በይ፣ አንቺ በመሰለሽ መንገድ በይው።»

የገረዷን ልብስ እንደለበሰች ወደ ገበያው ወረደች። ሽታዬ «ወዴት ነው? ሊጀመር ነው እኮ» እያለች ተከተለቻት። አበዛሽ ኮረሪማ ፊቷ ዘርግታ ተቀምጣለች። ዋጋ ለሚጠይቃት በጣቷ ታሳያለች።

አስካል አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ሽታዬ በላያቸው ቆማለች፤ አስካል አየቻት፣ ቢሆንም በአሪኛ ጀመረች። ቃላቱ አፏ ውስጥ ዝገዋል። «ነይና እዪኝ።»

«አንድ ጊዜ አይቻለሁ» አለች እናቷ፣ እሷም በአሪኛ።

አስካል ተነስታ አልሄደችም። ገዢዎች ሲመጡ እሷ በአሪኛ ታስተናግድ ጀመር። ሁለት የክፍሏ ልጆች አልፈው ዞረው አዩ፤ አንዱ አንዱን ጎሸመው። ከሜዳው ከበሮ ተመታ፤ ቆይቶ ሁለተኛ ተመታ። ሽታዬ አንዴ ሜዳውን አንዴ እነሱን ታያለች።

«ሂድ» አለች አበዛሽ፣ ኮረሪማውን እየሰበሰበች። በአማርኛ ነው። «ይጠሩሃል።»

አስካል ሄደች።

ተራዋ ሲደርስ ከፊት የነበሩት የከተማ ልጆች ገና አፏን ሳትከፍት መሳቅ ጀመሩ። ንግሥቲቱ ዙፋኗ ላይ ናት። አስካል እጆቿን አላጣመረችም፤ አንገቷንም አልሰበረችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሽታዬ በዓይኗ «በይ እንጂ» አለቻት። ከዚያ፣ እናቷ ያን ቀን በረንዳው ሥር ቢፈቀድላት ኖሮ ትናገረው በነበረው ቋንቋ፣ በአሪኛ፣ ጌታው ሞቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ተነሺ እናልቅስ አለች።

የከተማ ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ፣ ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ሲያወሩ የነበሩት የገጠር ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ ሸክሟን አወረደች።

አስካል ወደ ገበያው በኩል አላየችም። ንግሥቲቱን አነሳቻት።