ከጭጋጉ በላይ፣ ሠላሳ አንድ ቅዳሜ

«አስተማሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ይሄ ድርና ማግ እዚያ ላይ ምን ይሠራል?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሰናይት ጠመኔዋን እንደያዘች ወደ ሰሌዳው ዞረች። ሁለት የቆመ መስመር፣ ሁለት የተጋደመ መስመር። # ። ይህን ምልክት ከተማሪነቷ ጀምሮ በቀን አሥር ጊዜ ስትነካው ኖራለች፤ ሸማ ሆኖ ታይቷት ግን አያውቅም።

ጠያቂው ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ረጅም ወጣት ነበር። ሰው ሲስቅበት አንገቱን ደፋ፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ግን እሱም ሊስቅ ደርሶ ነበር። ሰናይት ልብ ያለችው ያኔ ነው። እናንተዬ፣ ልብ መቼ ፈቃድ ይጠይቃል!

«ስምህ ማን ነው?»

«ኤርጫፎ። ከዶርዜ ነኝ፤ ሸማኔ።»

«አልተሳሳትክም ኤርጫፎ። ይሄ ሃሽታግ ይባላል። እስቲ ንገረኝ፤ ጨንቻ ገበያ ቅቤ የሚፈልግ ሰው ገበያውን ሁሉ ይዞራል?»

«ለምን ይዞራል? ቀጥ ብሎ ቅቤ ተራ ነው!»

«ሃሽታግም ተራ ነው። ፎቶህን ትለጥፍና ከሥሩ ይሄን ምልክት አድርገህ ‹ሸማ› ብለህ ትጽፋለህ። ሸማ የሚፈልግ ሰው ያቺን ቃል ሲነካት፣ እዚያ ተራ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይመጣለታል። የማያውቅህ ሰው ያገኝሃል ማለት ነው።»

«የማያውቀኝ ሰው ያገኘኛል...» አለ ኤርጫፎ ለራሱ፣ ቀስ ብሎ።

ሰናይት የደሴ ልጅ ናት። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስትማር አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው ነበር የሚኖሩት። ተመርቀው ሲያበቁ አምስቱ በአንድ ሳምንት ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ። እሷን ሸማኔዎችንና ፍራፍሬ ነጋዴዎችን በስልክ መሸጥ የሚያስተምር ትንሽ ድርጅት ቀጠራትና ቀረች። ከከተማው ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ከበሯ ፊት ቆማ የከተማዋን ሁለት ሐይቆች ታያለች። ሐይቁን የምታሳየው ሰው ግን አልነበራትም።

ሥልጠናው በታችኛው ሰፈር፣ በሲቀላ፣ በየቅዳሜው ለስድስት ሳምንት የሚሰጥ ነበር። ኤርጫፎ ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ ኋላ ይቀራል። ጥያቄ አያልቅበትም።

«እርስዎ ግን...»

«እርስዎ አትበለኝ፤ እኩያ ነን።»

«አስተማሪ እኮ ነዎት!»

«አስተማሪም አንቺ ይባላል።»

«እሺ... አንቺ» አለ። ቃሏን ምላሱን የምታቃጥል አስመሰላት። ሰናይት ቤቷ እስክትገባ ድረስ እያስታወሰች ሳቀች።

አሁን አራተኛዋን ቅዳሜ ልብ በሉልኝ። የአንዷን ሠልጣኝ ፎቶ አንድ የማይታወቅ ሰው ወስዶ የራሱ አስመስሎ ሲሸጥበት ተገኘ። ሰናይት ተቆጣች። «ዕቃ የምትሸጡበት የማኅበራችሁ ገጽ ክፍት ይሁን። የግል ገጻችሁን ግን ሁላችሁም ቆልፉ! የማታውቁት ሰው እንዳያይ!» አለችና የሚቆለፍበትን ቦታ አሳየቻቸው። ሰዓቱ አልቆ ነበር፤ ሌላ ነገር ሳትጨምር ለቀቀቻቸው።

ሥልጠናው ያለቀ ዕለት ሰናይትና ኤርጫፎ ሚኒባስ ተሳፍረው አብረው ሴቻ ወጡ። ሐይቆቹ ታች ተዘርግተዋል፤ ተራራው አናት ላይ ጭጋግ ተኝቷል።

«ቤትህ የቱ ጋ ነው?»

«ከዚያ ጭጋግ በላይ።»

ሰናይት ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች። ከሥሩም #ከጭጋጉ_በላይ ብላ ጻፈች።

«መካከል ላይ ያለችው ሰረዝ ምንድን ናት?»

«ባዶ ቦታ ከተውክ ቃሉ ይበጠሳል። እሷ ናት የምታያይዘው።»

«ቋጠሮ ናት በይኛ!»

«ቋጠሮ ናት። አየህ፣ ይሄ ተራ በዓለም ላይ ማንም አልተቀመጠበትም።»

«ማንም? ከእኔና ከአንቺ በቀር?»

ሰናይት ስልኳን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። ኤርጫፎም ሐይቁን አየ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ቆሙ።

በማግስቱ፣ ኤርጫፎ ገና ከተማው ውስጥ እያለ፣ አባቱ የቤት ክዳን ሲጠግኑ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ የሚል ወሬ መጣ። የበኩር ልጅ እሱ ነው፤ ቤቱን የሚይዘው እሱ ነው። ሰናይት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው።

«ስልኬ አለህ፤ ትደውልልኛለህ» አለችው።

«በስልክ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ሰናይት። የአፍ ሰው አይደለሁም። ቤት ስገባ የራሴን ገጽ እከፍታለሁ። በየቅዳሜው ከጭጋጉ በላይ ሥር አንድ ነገር አስቀምጥልሻለሁ። በልቤ ያለውን እዚያ ታገኚዋለሽ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንቺም ከፈቀድሽ... ‹አየሁ› ብለሽ አንዲት ቃል ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ አላስቸግርሽም። ይገባኛል።»

«እሺ» አለች። ብዙ ልትል ነበር፤ የመኪናው ረዳት በሩን ዘጋ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ መጣች። ሰናይት ከሥራ መልስ በሯ ፊት ተቀምጣ #ከጭጋጉ_በላይን ነካች። አንድ ፎቶ ብቻ አለ፤ እሷው ራሷ ያነሳችው። መንገድ ደክሞት ይሆናል አለች። በሁለተኛዋም አንድ ፎቶ። ኔትወርክ ይሆናል አለች። በአምስተኛዋ ምክንያት አለቀባት። ሚያዝያ ሄደ፣ ግንቦት ሄደ፣ ክረምቱ ገባ። በየቅዳሜው ያቺው ፎቶ ብቻዋን ተቀምጣ ትጠብቃታለች። የራስን ፎቶ እንደ እንግዳ ደጋግሞ ማየት እንዴት ያለ ብቸኝነት ነው!

አከራይዋ ወይዘሮ ባዩሽ አንድ ቀን ታዝበዋት «ልጄ፣ እዚያ ስልክ ውስጥ የጠፋብሽ ሰው አለ እንዴ?» አሏት።

«የለም እማማ። መጀመሪያም አልነበረም» አለች። ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

መደወል አልቃጣትም እንዳትሉ። ስሙን አውጥታ ጣቷን እላዩ ላይ ያሳረፈችበት ቀን ብዙ ነው። ግን ቃል ገብቶ የረሳን ሰው ምን ብላ ትለምን? ሴት ልጅ ኩራት አላት፤ የሰናይት ደግሞ ትንሽ በዛ ያለ ነው።

ለመስቀል እሱ ደወለ።

«ሰናይት... እንኳን ለመስቀል አደረሰሽ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። አባትህ ተሻላቸው?»

«ተሻላቸው፤ በምርኩዝ ይሄዳሉ።» ከበስተጀርባው የሰው ጫጫታና ዘፈን ይሰማል። «ሰናይት... ከጭጋጉ በላይን ታዪዋለሽ?»

ደሟ ፈላ። ይህን ሁሉ ወር ባዶ ተራ አስጠብቆ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

«በየቅዳሜው አየዋለሁ» አለች ድምፅዋን አቀዝቅዛ። «አንድም ቅዳሜ አልዘለልኩም።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ገባኝ። አላስቸግርሽም።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰናይትም «ገባኝ» አለች ለግድግዳው። ሁለቱም ገባቸው፤ አንዳቸውም አልገባቸውም።

ኅዳር ላይ አዲስ ሠልጣኞች መጡ። ከእነሱ መካከል ከምዕራብ ዓባያ ሙዝና ማንጎ የሚነግዱ እትዬ ሸዋነሽ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየነቀነቁ ገቡ።

«ልጄ፣ አንቺ ታታልያለሽ እንዴ! ተራው ላይ ተቀመጡ አልሽን፤ ተቀመጥኩ። ሙዜን አሳየሁ፣ ምልክቷን አደረግኩ። እህቴ ሀዋሳ ሆና ብትፈልግ፣ ብትፈልግ... የለም አለችኝ!»

ሰናይት ስልኩን ተቀበለች። ፎቶው አለ። ምልክቱ አለ። በራሷ ስልክ ስትፈልገው ግን የለም። ግራ ገባት። ከዚያ ከስማቸው አጠገብ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አየች።

«እትዬ፣ ይሄን ገጽ ማን ቆለፈው?»

«ማን ይቆልፈዋል? አንቺ ነሻ! ባለፈው ቅዳሜ ቆልፉ ያለን ማን ሆነና?»

«የተቆለፈ ገጽ ተራው ላይ አይወጣም እትዬ... ከፈቀዱለት ሰው በቀር ማንም አያየውም...»

«እንዲያ በይኛ!» አሉ እትዬ ሸዋነሽ ወገባቸውን ይዘው። «በሬን ዘግቼ፣ ጓዳዬ ተቀምጬ ‹ሙዝ! ሙዝ!› ስል ነዋ የከረምኩት!»

አዳራሹ ሳቀ። ሰናይት አልሳቀችም። ጠመኔው ከእጇ ወደቀ።

«ቆልፉ» ብላ ነበር። ለእሱም ብላለች። እሱ ደግሞ ያለችውን ሁሉ የሚያደርግ ተማሪ ነበር።

ስሙን ፈለገች። ወጣ። በፎቶው ቦታ በነጭና በቢጫ ክር የተሸመነ # አለ። ‹ይህ ገጽ የግል ነው።› ተከታዮች ዜሮ። ልጥፎች ሠላሳ አንድ። ከሚያዝያ ጀምራ ቅዳሜዎቹን ቆጠረች። ሠላሳ አንድ! አንድም ቅዳሜ አልዘለለም!

እንዲፈቅድላት ጥያቄ ላከች። ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ማታ ድረስ ዝግ ነው።

እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ዶርዜ ወጣች። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከሙዙ ወደ እንሰቱ፣ ከሙቀቱ ወደ ብርዱ ያወጣል። ጭጋጉ መኪናውን ዋጠው፤ ከዚያ ለቀቀው። ‹ከጭጋጉ በላይ ደረስኩ› አለች በልቧ። ልቧ ግን ከእሷ ቀድሞ ነበር።

ቤቱን ሰው አሳያት። ኤርጫፎ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ደጅ ተቀምጧል። ከጎኑ መሸመኛው ቆሟል፤ አንድም ክር የለበትም። ሲያያት ብድግ አለ።

«ሰናይት? ምን ሆነሽ ነው? ሰው ሞተ?»

«ስልክህን ለምን ዘጋህ?»

«ሥራዬን ጨረስኩ። ከዚህ በኋላ ምን አደርግበታለሁ?»

«ክፈተው። እለምንሃለሁ... ክፈተው!»

ከፈተው። ጥያቄዋን አየ፤ ግራ ተጋብቶ ፊቷን አየ። «እስከ ዛሬ... አታዪውም ነበር?»

«አንድም አላየሁም ኤርጫፎ። አንድም! በየቅዳሜው ባዶውን ነበር የማየው። ቆልፉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ የተቆለፈ ተራው ላይ አይወጣም ብዬ አልነገርኳችሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጣቱ ‹ፍቀድ› የሚለው ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ነካው። ሠላሳ አንዱም ቅዳሜ እጇ ላይ ተዘረጋ።

የመጀመሪያው ፎቶ ሦስት ጣት የምታህል ነጠላ ነበረች። ‹ሰናይት፣ ይሄ ያንቺ ነው። በሌላው ቀን የሰው ሥራ እሠራለሁ፤ በቅዳሜ ያንቺን ብቻ። ቸኩዬ አልጨርሰውም።› አምስተኛው፦ ‹ዛሬ ዝናብ ነው፤ ክሩ አስቸገረኝ። አንቺ ጋ ፀሐይ አለ?› አሥራ አንደኛው፦ ‹አባቴ ለማን ነው አሉኝ። ለአስተማሪዬ አልኩ። ሳቁብኝ።› ነጠላው በየሳምንቱ አንድ ስንዝር ያድጋል፤ ጥለቱ ላይ ያ ምልክት ቢጫ ሆኖ ይደረደራል። ከመስቀል በኋላ ግን ጽሑፍ የለም። ፎቶ ብቻ። ዝም ያለ ፎቶ።

የመጨረሻው የትናንቱ ነው። ሙሉ ነጠላ አጥር ላይ ተሰቅሏል። ‹አለቀ። ዛሬ ጨንቻ ገበያ ይሄዳል።›

«ነጠላው...» አለች ሰናይት።

«ሸጥኩት።» አንገቱን ደፋ። «ልጇን የምትድር እናት ገዛችው። እኔ ምን ላድርገው? ባየሁት ቁጥር ያመኛል።»

ሰናይት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰባት ወር ለእሷ ሲሠራ የከረመውን አንድ ቀን እንኳ ሳትለብሰው! ኤርጫፎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ። «‹ለምን ዝም አልሽ› ብዬ አንድ ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ብትጠይቀኝማ...»

«ፈራሁ። እምቢ የሚለውን በጆሮዬ መስማት ፈራሁ።»

ሰናይት ዓይኗን ጠረገች። የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍታ ‹አየሁ› ብላ ጻፈች። የኤርጫፎ ስልክ ጮኸ። ሁለተኛው ላይ ‹አየሁ›። ጮኸ። ሦስተኛው ላይ... ሠላሳ አንዱንም አልዘለለችም። እናቱ ‹ይሄ ስልክ ምን ሆነ?› ብለው ከቤት ብቅ አሉ፤ ልጃቸው እንባውን እየጠረገ ሲስቅ አይተው ቀስ ብለው ተመለሱ።

«ነገ አዲስ ድር እዘረጋለሁ» አለ ኤርጫፎ። «እስኪያልቅ ግን... ቅዳሜ ከሥልጠና ስትወጪ እየመጣሽ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ ታዪዋለሽ?»

«አየዋለሁ።»

«ቶሎ የሚያልቅ እንዳይመስልሽ!»

«ቶሎ ጨርስ መች አልኩህ?»

ሰናይት ወደ ስልኩ አጎነበሰች። ተከታዮች፣ አንድ ይላል። አስተማሪነቷ መጣባትና «በል አሁን ቁልፉን አንሳው፤ ሰው ይየው እንጂ!» አለችው።

ኤርጫፎ ራሱን ነቀነቀ። «ሸማዬን በማኅበሩ ገጽ ሰው ሁሉ ይየው። ይሄኛው ተቆልፎ ይቆይ። መግባት ያለባት ሰው ገብታለች።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠላሳ ሁለተኛው ፎቶ ተለጠፈ። ሦስት ጣት የምታህል ጅማሬ፣ ከጎኗ የሴት እጅ። ሰናይት እዚያው አጠገቡ ተቀምጣ ‹አየሁ› ብላ ጻፈችበት።

#ከጭጋጉ_በላይ ብሎ የፈለገ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚያገኘው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ሁለት ሐይቅ፣ ከላያቸው ጭጋግ። ለማያውቀው ሰው ብቻዋን የቀረች ፎቶ ትመስላለች።