አምስቱ የብረት ጥርሶች

ወይዘሮ ዘውድነሽ እንጅባራ ፖሊስ ጣቢያ የደረሱት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በነሐሴ ዝናብ ርሰው ነው። የባላቸው አስከሬን ቤት ውስጥ ተጋድሟል፤ ጎረቤት ድንኳን እየተከለ ነው። ኢንስፔክተር ኦሪት ወንበር ብታቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ገዳይ ፈልጊልኝ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አሉ። «ደርበው ራሱን አላጠፋም። እሱን ብቻ አረጋግጪልኝ። መምሬ ስማቸው ‹ነገሩ ሳይጣራ ፍትሐት አላደርስም› ብለውኛል። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የቆረበ ሰው፣ ያለ ፍትሐት ከአጥር ውጭ ልቅበረው?»

ኦሪት ግምጃ ቤት በምትባል ቅርብ መንደር ያደገች የገበሬ ልጅ ናት። በዘጠኝ ዓመት የምርመራ ሥራዋ አንድ ነገር ተምራለች፤ ከልቡ የሚያለቅስ ሰውም ይዋሻል። ስለዚህ ለሴትዮዋ አዘነችላቸው እንጂ ወዲያው አላመነቻቸውም። ካፖርቷን ደርባ፣ ሳጅን ባምላክን አስከትላ ወጣች።

የሆነው ይህ ነው። ትናንት ከሰዓት አቶ ደርበው በሥራ ክፍላቸው ውስጥ፣ በጠባቧ አልጋቸው ላይ እንደተኙ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የከሰል ማንደጃ ነበር። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሐኪሙም የከሰል ጭስ ነው ብሏል። እንጅባራ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ አክስሎ ልጅ የሚያሳድግ አገር ነው። ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ሐሜቱ የተነሳውም ከዚሁ ነው፤ «ደርበው ሳያውቅ አልሞተም» ተባለ።

የሥራ ክፍሏ በግቢው ጥግ ያለች ትንሽ የጭቃ ቤት ናት። በግድግዳዋ ዙሪያ አምስት አሮጌ ባለእጀታ የቁማር ማሽኖች ተደርድረዋል። ኤሌክትሪክ የማያውቁ፣ ስሙኒ የሚጎርሱ ናቸው። የጎናቸው እጀታ ሲሳብ ሎሚና ደወል የተሳለባቸው ሦስት መንኮራኩሮች ይሽከረከራሉ፤ ሦስቱም አንድ ሥዕል ላይ ከቆሙ ማሽኑ ስሙኒ ይተፋል፣ አለዚያ ስሙኒው ተበላ ማለት ነው። አቶ ደርበው አዲስ አበባ በሰዓት ሠሪነት ሲኖሩ ከተዘጉ ሆቴሎች ጓዳና ከቁራሌው ላይ እየለቀሙ ሰበሰቧቸው። ዝገታቸውን አጥበው፣ የጎደለውን ሞርደው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ነፍስ ሲዘሩባቸው ኖሩ። እሳቸው ራሳቸው ግን አንድ ቀን ቁማር ተጫውተው አያውቁም።

ኦሪት አየሩን አሸተተች። ማሽን የሚታጠብበት ክፍል ቤንዚን ቤንዚን ማለት ነበረበት። ቤንዚኑን ያገኘችው ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ነው፤ ጥርሳም ክቦች የተዘፈዘፉበት ሳፋ በቆርቆሮ ተከድኖ ተቀምጧል።

«አቶ ደርበው እሳት እዚህ ያስገቡ ነበር?» ስትል ባለቤታቸውን ጠየቀች።

«ቤንዚን እያለ? ክብሪት እንኳ አያስጭርም! ብርዱን በሁለት ጋቢ ነው የሚችለው።»

«ትናንትስ?»

«እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ቅዳሴ ሄድኩ። እሱ ጉልበቱን ስለሚያመው ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ጾሙን በእንቅልፍ ነው የሚያሳልፈው። አስር ሰዓት ስመለስ ብጠራው ዝም አለኝ። በሩን የከፈተልን ጎረቤታችን ሽመክት ነው።»

ከጣሪያው ሥር ለሽታ መውጫ የተተወች ቀዳዳ በጆንያ ተወትፋለች። ኦሪት ባምላክን መሰላል አስይዛ ወደ ውጭ ሰደደችውና እሷ መቀርቀሪያውን ሳትነካ በሩን ብቻ ለቀቀችው። በሩ በራሱ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም «ቀጭ» ብሎ ወደቀ። ሁለት ጊዜ ደገመችው፣ ሁለቴም ወደቀ። ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈች።

ሽመክት አናጺና ወንጌላዊ ነው፤ አጥር ለአጥር ይዋሰናሉ።

«ማሽኖቹን ‹የሰይጣን መጫወቻ› ይሏቸው ነበር አሉ» አለችው ኦሪት።

«ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። እሳቸውን ግን እወድ ነበር። በበሩ ስንጥቅ ቢላ አሾልኬ መቀርቀሪያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በፊት ከክፍሉ የሰሙት ድምፅ የለም?»

«በዚህ ዝናብ? ቆርቆሮው ሲንጫጫ የራሴን መጋዝም አልሰማም።»

ሁለተኛው ተጠያቂ ሸጋው የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው። አሮጌ ማሽን ይሰበስባል፤ ከአምስቱ ሁለቱን ሊገዛ መጥቶ ሆቴል አርፏል። ኦሪት ወደ ሥራ ክፍሉ አስጠራችው። ስልኩን እያገላበጠ መልስ መስጠቱ ለኦሪት አልተመቻትም።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ አንኳኳሁ። መልስ የለም፤ ተመለስኩ።»

«በሽያጩ ተስማምታችሁ ነበር?»

«የለም። ባለፈው ሳምንት ደውለው ‹አልሸጥልህም፤ የሁለቱ ፊት የራሳቸው አይደለም። ግን ና፤ የቀየረው ሰው ባለበት እነግርሃለሁ› አሉኝ። ፊት የምንለው ይህን ጌጠኛ የብረት ሰሌዳ ነው። የማሽን ዋጋ እሱ ነው። እውነትም እነዚህ ሁለቱ በቅርብ ቀልጠው የተሠሩ ናቸው፤ አሮጌ እንዲመስሉ ታሽተዋል።»

«ሰሌዳዎቹ ከዚህ ቤት ወጥተው ያውቃሉ?»

ሸጋው ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ለማስወልወል ዳንግላ፣ አስማረ ጋ ይሄዱ ነበር። እኔም... እኔም አንድ ጊዜ ለናሙና ወስጄ ነበር። መልሻለሁ።»

አስማረ የወይዘሮ ዘውድነሽ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዳንግላ ውስጥ ብረትና ነሐስ እያቀለጠ ለአብያተ ክርስቲያናት መስቀልና የበር ጌጥ ይሠራል፤ እንጀራው የተያያዘው ከስሙ ጋር ነው። ኦሪት ስታገኘው ዓይኑ አብጦ ለለቅሶኛው አግዳሚ ያመላልስ ነበር።

«ትናንት ጠዋት መጣሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ዳንግላ ልነሳ ስል በበሩ አለፍኩ» አላት። «አቶ ደርበው ማሽን ይስቡ ነበር። መንኮራኩሩ ሲሽከረከር፣ ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ሲቆም ሰማሁት። ሥራ ላይ ናቸው፣ ልረብሻቸው አይገባም ብዬ ሳልሰናበታቸው ሄድኩ። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ፣ ኢንስፔክተር። ገብቼ ቢሆን ኖሮ...»

ተንሰቀሰቀ። ኦሪት ራሷ ውኃ ቀድታ ሰጠችው። እሱ የሰማው እውነት ከሆነ ሰውየው ስምንት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ደጃፋቸው የደረሰው ሸጋው ብቻ ነው።

ወደ ሥራ ክፍሉ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ስሙኒ የሞላበት ቆርቆሮ አለ። ሐሳቧን ለመሰብሰብ ያህል አንድ ስሙኒ አጉርሳ እጀታ ሳበች። እጀታው እንደ ተሰበረ ክንድ ተንጠለጠለ፤ መንኮራኩሮቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ተበሉ እኮ፣ ኢንስፔክተር!» ብሎ ባምላክ ሳቀ።

በሁለተኛው ሞከረች። በሦስተኛው። አምስቱም ያው ናቸው። ባምላክ ሳቁን አቆመ። ሸጋው ተጠርቶ መጣና የማሽኖቹን ጀርባ አንድ በአንድ ከፈተ።

«ጥርሳቸው የለም» አለ ግራ ተጋብቶ። «እጀታውን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያያይዘው ቁራጭ ብረት። ያለ እሱ ማሽኑ ዕቃ ነው፣ አይዞርም።»

«ተሰብሮ ነው?»

«አይደለም። አምስቱም በጥንቃቄ ተፈትተው፣ ብሎኑ በቦታው ተመልሶ፣ ዘይት ተቀብቷል። ከውጭ ሲታዩ ጤነኛ ናቸው።»

ኦሪት ዓይኗን ከሸጋው ላይ ሳታነሳ ቆየች። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ራሱ ሊነቅለውም ይችላል። ወይዘሮ ዘውድነሽን ለብቻቸው ጠርታ ማሽኖቹ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተሳቡ ጠየቀቻቸው።

«እንጃ ልጄ። ዘንድሮ ጾሙ ከገባ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ከመምሬ ስማቸው ቤት ሲመለስ ጠየቅኩት፤ ‹ሆድ ይፍጀው› ብሎ አለፈኝ።»

መምሬ ስማቸውን ያገኘቻቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ዋንዛ ሥር ቆመው ነው። ፊታቸውን አጠቆሩባት።

«አባቴ፣ የንስሐ ቃል አልጠይቅዎትም። ነሐሴ አንድ ግድም አቶ ደርበው እርስዎ ዘንድ ያስቀመጡት ነገር አለ?»

ካህኑ ወደ ቤታቸው ገብተው የተቋጠረ መሃረብ ይዘው ወጡ። ሲፈቱት አምስት የብረት ጥርሶች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የጣት ጥፍር ያክላሉ።

«ይህ ንስሐ አይደለም፣ አደራ ነው» አሉ። «‹ቁማር ባልጫወትም በፍልሰታ እጄን እያሳከከኝ ማሽኖቹን እየሳብኩ ልቤ ከጸሎት ይሰረቃል› አለኝ። ‹እንግዲያው ጥርሳቸውን ነቅለህ አምጣልኝ› አልኩት። በጾሙ ዋዜማ አመጣ። ‹ለፍስኩ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ› ብሎ ነበር።»

«ለፍስክ ቀጠሮ የያዘ ሰው ራሱን ያጠፋል ብለው ነው የፈረዱበት?»

መምሬ ስማቸው መሃረቡን መልሰው ቋጠሩና ተከትለዋት ወጡ።

ከአምስት ሰዓት ትንሽ እልፍ ሲል ኦሪት ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ዘውድነሽ አልጋው ላይ፣ አስማረ ከእግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሽመክትና ሸጋው ግድግዳውን ተደገፉ። መምሬ ስማቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«በመጀመሪያ በሩ» ብላ ጀመረች። «ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ሌላ ሰው አልነበረም ተባለ። እዩት።» በሩን ለቀቀችው፤ መቀርቀሪያው ወደቀ። «ማንም ወጥቶ ቢዘጋው ይህንኑ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ቀዳዳው። ሳጅን፣ ጆንያው እንዴት ነበር?»

«ከውጭ ነው የተወተፈው። ጅራቱ በውጭ በኩል ተንጠልጥሏል፤ ያለ መሰላል አይደረስበትም።»

«አቶ ደርበው ደግሞ ጉልበታቸው ቅዳሴ እንኳ አላስኬዳቸውም፤ መሰላል አይወጡም። እማማ፣ ባለቤትዎ ራሳቸውን አላጠፉም። ተኝተው ሳለ ሰው ነው የገደላቸው።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ «ተመስገን» አሉ። ወዲያውም ዙሪያቸውን የከበቡትን ፊቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ኦሪት ይህን ባታይ በወደደች ነበር።

«ሦስተኛ፣ ሳፋው። ገዳዩ የተቀጣጠለ ማንደጃ ከማስገባቱ በፊት ቤንዚኑን አውጥቶ፣ ዝናብ እንዳይገባበት ከድኖታል። ሥራውን የሚያውቅና ለዕቃው የሚሳሳ ሰው ነው። አቶ ሽመክት ቢሆኑ ሳፋው ትዝ አይላቸውም፤ ቤቱ ይጋይ ነበር። የቀራችሁት ሁለት ናችሁ፤ ሰሌዳዎቹም የነበሩት በሁለታችሁ እጅ ነው።»

ሸጋው «እኔ መልሻለሁ አልኩዎት!» ብሎ ጮኸ።

«አራተኛ፣ ድምፁ። አስማረ፣ ስምንት ሰዓት ላይ የሰማኸውን ንገራቸው።»

አስማረ ቀና አለ። «ነግሬዎታለሁ። ማሽኑን ይስቡ ነበር።»

«መንኮራኩሩ ዞረ?»

«ዞረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ቆመ።»

ኦሪት መሃረቡን ከመምሬ ስማቸው ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። «እነዚህ ከጾሙ ዋዜማ ጀምሮ ከአባታችን ቤት አልወጡም። አምስቱም ማሽኖች ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልዞሩም። ሳባቸው።»

አስማረ አልተነሳም። ባምላክ በእሱ ፈንታ ሳበ፤ እጀታው ተንጠለጠለ።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ያንተ አንድ ሌሊትም አላደረ» አለች ኦሪት። «አንተ ወጥተህ ስትሄድ ሰውየው በሕይወት ነበሩ እንድንል ስለፈለግህ የማሽን ድምፅ ፈጠርክ። ቤተኛ ነህ፤ ድምፁን በደንብ ታውቀዋለህ። የዘንድሮውን ስእለታቸውን ግን አልነገሩህም። ሸጋው ስለ ሰሌዳዎቹ ከነገረኝ በኋላ ደውዬ የዳንግላ ባልደረቦቼ ሱቅህን ከፍተዋል፤ የሁለቱ ሰሌዳ ማቅለጫ ቅርጽ ተገኝቷል።»

«በሁሉም ፊት ሊያዋርደኝ ነበር» አለ አስማረ፣ በሹክሹክታ። «በዚህ እንግዳ ፊት። መስቀል የሚሠራ ሌባ ተብዬ በየትኛው ደብር እገባለሁ? ለመንኩት። ‹ራስህ ተናገርና ይቅር እልሃለሁ› አለኝ፣ አልቻልኩም።» ወደ እህቱ ዞረ። «እትዬ፣ ዝም ብትዪ ኖሮ አንዳችን እንኳ እንተርፍልሽ ነበር።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ አላለቀሱም። «አንተን ላትርፍ ብዬ እሱን ከአጥር ውጭ ልጣለው?» አሉት። ከዚያ ወደ ካህኑ ዞሩ። «አባቴ፣ ፍትሐቱን ይጀምሩ።»

መምሬ ስማቸው ራሳቸው አደረሱ። አቶ ደርበው ስድስት ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከአባታቸው ጎን ተቀበሩ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ኦሪት የአስማረን ቃል እየጻፈች ሳለ ወይዘሮ ዘውድነሽ ጣቢያው በር ላይ ቆመው አየቻቸው። ሐዘንተኛ በቀብሩ ዕለት ከቤቱ አይወጣም። ለቅሶኛውን ድንኳን ውስጥ ትተው ነው የመጡት። በነጠላቸው የሸፈኑት የምሳ ዕቃ ይዘዋል።

«ሽሮ ነው» አሉ ዓይኗን ሳያዩ። «ከትናንት ወዲህ እህል የቀመሰ አይመስለኝም።»

«ይግቡና ይስጡት፣ እማማ። እፈቅድልዎታለሁ።»

«አልገባም። ፊቱን ማየት አልችልም።» ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ስጪልኝ። ባዶውን ነገ መጥቼ እወስዳለሁ፤ ሌላ ይዤ።»

ኦሪት የምሳ ዕቃውን አነሳችው፤ ገና ትኩስ ነበር።